ማሽኑ እንዳይራብ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የምታድሪበት ቤት ሁሉ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ «ያቺ ልጅ መጻፍ ረሳች ወይስ እጇን ጓንት ውስጥ ትታው ሄደች?» ትላለች። እሷ ያለችውን ነው የጻፍኩት፤ እኔ የለሁበትም። መግባት መውጣትሽን ይባርክልሽ፣ የክፉ ሰው ዓይን አያሳይሽ።

ስለ ፎቶ ቤቱ ጠይቀሽኝ ነበር። አንቺ እኔ ሥር ሆነሽ ፊልም ማጠብ ስትማሪ ስድስት ሠራተኞች ነበርን፤ በርጩማ አይበቃንም ነበርና ምሳ የምንበላው በየተራ ነበር። አሁን በርጩማው ተርፏል። ካሜራ ያለው ሁሉ ያነሳውን እዚያው ካሜራው ላይ አይቶ፣ ስቆ፣ ኪሱ ይከተዋል። ጉርድ ፎቶ እንኳ ጎረቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ቤት ቁጭ ብድግ ሳትይ ያወጣልሻል። ባለፈው ክረምት ሴንቲን አሰናበቷት። ያለ ማስመሪያ ፎቶ የምትቆርጠዋን ሴንቲን መቼም አትረሻትም። አላለቀሰችም፤ መቀሷን በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች። ደግነቱ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታለች፣ ቋሚም ሆናለች አሉ። እኔ ግን አለሁ። ተቀባዩም፣ አጣቢውም፣ አታሚውም፣ ጠራጊውም እኔው ነኝ። ከራሴ ጋር ካልተጣላሁ በቀር የሚጣላኝ የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማሽኑን ታውቂዋለሽ፤ ፊልም ሲያልፍበት ነው አዲስ ኬሚካል የሚጎርሰው። ፊልም ካጣ የቆመው ኬሚካል ይጠቁራል፣ ቀለም ያዛባል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ ቬሎ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እናቷ መጥታ ምን እንዳለችኝ አልነግርሽም፤ ወረቀቱም ያፍራል። ብርሃን ያላየ ባዶ ፊልም ባሳልፍበት ደግሞ አይጠግብም፤ ይኼንንም ታውቂዋለሽ። አለቃችን የቀለምና የሚስማር ሱቅ ከከፈተ ወዲህ እዚህ ብቅ የሚለው በወር አንዴ ነው። ይመጣል፣ ማሽኑ ላይ ያለውን ቆጣሪ ያነባል፣ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል። ባለፈው ግን ሳይተነፍስ ተናገረ፤ «ቆጣሪው እንዲህ ከቆመ ማሽኑን ለብረት ገዢ እሸጠዋለሁ፣ የኋላውንም ክፍል የሲሚንቶ ማከማቻ አደርገዋለሁ» አለኝ። የኋላው ክፍል ማለት እኔና ባለቤቴ የምንኖርበት ነው።

ውጭ አገር የምትሠሪበት የፊልም ማጠቢያ ፋብሪካ ቀኑ ያለፈበት ፊልም ይጣላል ብለሽኝ ነበር። እሱን ካሜራ ውስጥ አስገቢና አንሺበት፤ ከዚያ ላኪልኝ። የፈለግሽውን አንሺ። ሰማይም ይሁን፣ ጫማሽም ይሁን። ሥዕሉን አይደለም የምፈልገው፣ ብርሃን የነካው ፊልም ብቻ ነው። ማሽኑ እንዳይራብብኝ ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 12

ይድረስ ለማከብርዎ ለአጎቴ፣ ለጋሼ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ እርስዎና የቤቱ እመቤት ካላችሁበት ይድረስ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጄ ጓንት ውስጥ አልቀረም ብለው ይንገሩልኝ፤ ፊልም የምንቀጥለው በባዶ እጅ ነው።

ምን እንደምሠራ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም መሰለኝ። ከየከተማው በፖስታ የሚላከው ፊልም በጆንያ ይመጣል። እኔ ድቅድቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቆሜ የአንዱን ፊልም ጭራ ከሌላው ራስ ጋር እያጣበቅኩ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ጥቅል አደርገዋለሁ። የማን ሠርግ ከማን ልደት ጋር እንደተጣበቀ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ብሠራ ልዩነት የለውም። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ ቆሜ እየቀጠልኩ ነበር፤ አንድም አልተበላሸም።

ያሉኝን አነበብኩና መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ከዚያ ካሜራ ለመዋስ ወጣሁ። ቀኑ ያለፈበት ፊልም ብዙ አለ፤ በካርቶን ነው የሰጡኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የበር እጀታ ሳነሳ አይታኝ «ሐኪም ልጥራልሽ?» አለችኝ። አጎቴ ነው ያዘዘኝ ብላት ይብስ ደነገጠች። ሠላሳ ፊልም ልኬያለሁ። የማጠቢያውንም ሂሳብ ፖስታው ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በነጻ የሚታጠብለት ደንበኛ የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ብቻ ሥዕሎቹን አይዩብኝ፣ አፍራለሁ። አጥበው መሳቢያ ውስጥ ይክተቷቸው።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 9

ለልጄ፣ ለዓይኔ፣

በሰላም ዋይ፣ በሰላም አምሺ። እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ።

ፖስታው ሲደርስ ባለቤቴ ልብስ የላክሽላት መስሏት ቢላ ይዛ ሮጠች። ሠላሳ ፊልም ስታይ ያለችኝን ለሷና ለእኔ እንተወው። በአንዴ አላጠብኩትም። ማሽን የራበውን ሰው ነው የሚመስለው፤ ከመጠን በላይ ካጎረስሽው ያስመልሰዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት ቀለሙ መስተካከሉ የሚታይበትን የሙከራ ፊልም አወጣሁና መስኮቱ ጋ ይዤ ሄድኩ። ግራጫው ግራጫ ነው! ቀይ አላለ፣ አረንጓዴ አላለ። ልጄ፣ ብቻዬን ቆሜ ጮክ ብዬ «ተመስገን» አልኩ። በማግስቱ የመጣች አንዲት እናት የልጆቿን ፎቶ አይታ «ቆዳቸው የራሳቸው መልክ ነው» አለችኝና እንደገና ጮህኩ፣ በሆዴ።

አትይ ብለሽኛል፤ አየሁ እንጂ። እንዴት አላይም? ሥራዬ ማየት ነው። ሠላሳ ስድስት ጊዜ አንድ በር! በሩ ምን ቢያደርግሽ ነው? ጫማሽን ደግሞ ሶሉን ሳይ አዘንኩ፤ አዲስ ግዢ። የፋብሪካችሁንም አዳራሽ አየሁ። ጠረጴዛው ረድፍ በረድፍ፣ መብራቱ ቦግ ያለ፣ ወለሉ የተወለወለ። ሰው ግን የለበትም። የምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነሳሽው?

አለቃችን መጣ። ቆጣሪውን አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለው፣ እንደገና አነበበ። ደረሰኙንም አገላበጠ። «ውጭ አገር ደንበኛ አገኘን እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ውሸት ነው እንዴ? ውጭ አገር ነሽ፣ ከፍለሻል፣ ደንበኛ ነሽ። ሲሚንቶውን ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ ብሎኝ ሄደ። እባክሽ ሌላም ላኪልኝ።

አጎትሽ

ጥር 28

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።

የምሳ ሰዓት ነበር።

ሃያ አምስት ፊልም ልኬያለሁ። የማጠቢያውን ሂሳብ አሁን አልቻልኩም፤ በሚቀጥለው አብሬ እልካለሁ። ፈረቃዬ ስለተቀየረ ነው የዘገየሁት። ካሜራውን ባለቤቱ መልሶ ወስዶት ነበር፤ አሁን ግን የራሴ አሮጌ ካሜራ አለኝ። ሥዕሎቹ የሚስቡ አይደሉም። እባክዎ የዛሬዎቹን በእውነት አይዩዋቸው።

የቤቱን እመቤት ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ይያዙላት።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 23

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ካንቺ ይሁን። ይኼን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምጽፈው ሦስተኛው ነው፤ ምንም ቢሆን አልቀደውም።

ሃያ አምስቱም ፊልም አንድ መስኮትና አንድ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ የመስኮቱ ጥላ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ጥላው ረዝሞ አልጋሽ ላይ ወድቋል፣ ጠዋት ነው። ቀጥሎ ያጥራል፣ እኩለ ቀን ነው። ቀጥሎ በዚያኛው ወገን ይረዝማል፣ ሊመሽ ነው። ሁለተኛውንም ፊልም አየሁት፣ ያው ነው። አሥረኛውም ያው ነው። ልጄ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ። ሥራ የምትሄጂው መቼ ነው? ፈረቃዬ ተቀየረ አልሽኝ፤ የማታ ሠራተኛ ቀን ይተኛል እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ሲንፏቀቅ አያነሳም። አልቆጣሽም። ብቻ ንገሪኝ። አንቺን ፊልም ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ ስፌት ትማር ስትለኝ «ሰው ፎቶ መነሳት አይተውም» ያልኳት እኔ ነኝ። ሰውም ፎቶ መነሳት አልተወም። የተወው እኛን ነው።

ስለ ሂሳቡ አትጨነቂ። ደረሰኝ ካልተቆረጠ አለቃችን ስለሚጠይቅ እኔው ሞልቼዋለሁ። ደሞዜን በቀኝ እጄ ተቀብዬ በግራ እጄ ካዝናው ውስጥ እከታለሁ። ለመሥራት የሚከፍል ሠራተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ባለቤቴ አታውቅም፤ ደሞዝ ዘገየ ብያታለሁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አለቃችን ትናንት መጥቶ «ሥራው ተመልሷል፣ ብቻህን አትችለውም። ሴንቲን ብንጠራትስ?» አለኝ። ደነገጥኩ። «ትንሽ እንይ» አልኩት። «እያየን አይደል እንዴ!» ብሎ ቆጣሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከጀርባዬ በር አለ፣ ከበሩ ኋላ አልጋችን አለ።

አጎትሽ

መጋቢት 17

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ አሁን ደረሰኝ፣ አሁኑኑ እየመለስኩ ነው። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልደርስ ይገባል።

መጀመሪያ የሴንቲን ነገር ልናገር። እባክዎ ጋሼ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው ይንገሯት። እንዳትመጣ! ቋሚ ሥራ አላት። የምትቆርጠው የማንን ፎቶ ነው? የኔን ግድግዳ? ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ፊልም አንዴ ወይ ሁለቴ ቢያስልከኝ ነው። ከዚያ በኋላ የለም። የሚገዛበትም የለም።

ለምን እንደሌለ ደግሞ ይኸው። ፋብሪካው የተዘጋው ኅዳር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፖስታ ስልክልዎ የስንብት ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፊልሙን በካርቶን የሰጡን ለደግነት ሳይሆን የስንብት ስጦታ ብለው ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ድሮ ሦስት መቶ እንሆን ነበር። በየዓመቱ ይቀንሱን ነበርና ኋላ ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ እንሄድ ጀመር፤ በመጨረሻ አውቶቡሱም ቀረ። ያዩት አዳራሽ የምሳ ሰዓት ላይ አልነበረም።

እኔን ከጥቂት ሰዎች ጋር እስከ ጥር አቆዩኝ። ሥራችን ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎችን መፍጨት ነበር። ሰው አሳጥቦ ይረሳል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ አድራሻ ይቀይራል። መጋዘኑ እስከ ጣሪያ ሞልቶ ነበር። ፖስታውን እንከፍታለን፣ የማሽኑ አፍ ውስጥ እንሰደዋለን፣ በጭረት ይወጣል። እንዳናይ ተነግሮን ነበር። እኔ ግን የእርስዎ ተማሪ ነኝ፤ አየሁ። ሕፃናት አየሁ፤ ኬክ ላይ ሻማ ሲያጠፉ። አንድ ሽማግሌ ዓይኑ በትክክል ወደ እኔ እያየ ገባ። ሲወጣ ጭረቱን በመጥረጊያ ሰበሰብኩት። ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፣ ታጠብኩ፣ አልጠራልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የለኝም። ልቀጠር ስሄድ «ምን ትችያለሽ?» ይሉኛል። በጨለማ ፊልም መቀጠል እችላለሁ እላለሁ። ሁሉም ይስቃሉ፤ ክፋት የላቸውም፣ እውነት የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ያልነገርኩዎት እንዳያዝኑብኝ ነው። ሲያዝኑ ደግሞ ፊልም መላክ ይቅርብሽ ይሉኛል። ለአንድ ሰው እንኳ የምጠቅም ነኝ ብዬ የማስበው በዚያ ፊልም ብቻ ነበር።

ሴንቲን፣ ጋሼ። ዛሬውኑ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 20

ለእህቴ ልጅ፣

በያለሽበት ጤና ይስጥልኝ። ከደብዳቤዬ በኋላ ካንቺ ምንም አልደረሰኝም። ተቀይመሽኝ ይሆን? ስለ ጥላው መናገር አልነበረብኝም ይሆናል። መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፈው ግን የሚያስጨንቅ ነገር ስላለኝ ነው።

ሴንቲ ተመልሳለች። አለቃችን እኔን ሳያማክር በመኪናው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠራት። ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ቆማለች። ጋዋኑን አስተኩሳዋለች። መቀሱን ከጋዜጣ ፈታችው፤ ያው የክረምቱ ጋዜጣ ነው። የመቁረጫ ጠረጴዛውን በእጇ ዳበሰችና «አቧራ አስለመድከው» አለችኝ። ሆስፒታሉን እንዴት እንደተወችው ጠየቅኳት። «ደም ያለበት አንሶላ ሳጥብ ሕልሜ ቀይ ሆኖብኝ ነበር። የእኔ ነገር ወረቀት ነው። አለቃችን ሥራው ተመለሰ ሲለኝ ያን ቀን የመልቀቂያ ወረቀቴን አስገባሁ» አለች። ቦታዋን በማግስቱ ለሌላ ሰጥተውታል።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። እሷ ግን የአንቺን ነጋቲቭ ወደ መብራቱ አንስታ እያየች ነበር። «እነዚህ ደንበኞች ምንድን ናቸው? ግድግዳ፣ ግድግዳ፣ ግድግዳ!» አለች። እኔ ሳልመልስ ራሷ መለሰች፤ «ገባኝ! የቀለም ፋብሪካ ናቸው። ቀለሙ ፀሐይ ላይ ጠዋትና ማታ ምን እንደሚመስል ነው የሚያነሱት። ብልጦች ናቸው!» አለች። ከዚያ በልክ በልኩ፣ አንዱንም ሳታበላሽ፣ ግድግዳሽን ቆርጣ በፖስታ አደረገችው። እያንጎራጎረች ነው የምትቆርጠው። ካለፈው ክረምት ወዲህ እዚህ ቤት ሲያንጎራጉር የተሰማ ሰው አልነበረም፤ ባለቤቴ ከኋላ ክፍል ወጥታ ቆማ ሰማቻት።

ይኼን የቀለም ፋብሪካ ነገር ለአለቃችንም ነገረችው። እሱ ቀለም ሻጭ አይደል? ዓይኑ በራ። ልጄ፣ ነገሩ ከእጄ እየወጣ ነው። በሚመጣው ሳምንት እነግራታለሁ። እንዲያው አንድ ሳምንት ብቻ ታንጎራጉር ብዬ ነው።

አጎትሽ

ሚያዝያ 15

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመጻፍ አቅም የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለት ደብዳቤ ባንድ ቀን ደረሰኝ። አንዱ የእርስዎ ነው። ሁለተኛው የአለቃዎ ነው። አድራሻዬን ስሜ ከሌለበት ፖስታ ላይ ገልብጦ «ለተከበረው የቀለም ፋብሪካ» ብሎ ጽፎልኛል። በማኅተም ነው። «ድርጅታችን ለክቡር ድርጅታችሁ ያለውን ልባዊ አክብሮት እየገለጸ» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «በእናንተ ትእዛዝ በመተማመን ልምድ ያላትን ባለሙያ ወደ ሥራ የመለስን ስለሆነ፣ ትእዛዙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደማይቋረጥ በደብዳቤ እንድታረጋግጡልን» ይላል። በመጨረሻም የቀለም ናሙና እንድንልክለት ይጠይቃል። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የተከበረው ፋብሪካ አልጋ አንድ እግሩ በጡብ ነው የቆመው።

ተናደድኩብዎት ጋሼ። አልደብቅም። አንድ ሳምንት ታንጎራጉር! እርስዎ ደግ ነዎት፤ ደግነትዎ ግን የሴንቲን እንጀራ አስጣለ። የኔም እጅ አለበት። ግድግዳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አዎ ደህና ነኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ምን ልጻፍለት? እውነቱን ብጽፍ እርስዎና እመቤቲቱ ሜዳ ላይ ትወድቃላችሁ። ውሸት ብጽፍ ሴንቲ ውሸቴ ላይ ዓመት ሙሉ ቁጭ ትላለች፤ ዓመትም አይሆን፣ ፊልም የለም። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፊልሞች እነዚህ ናቸው። ካርቶኑን ገልብጬ አራግፌዋለሁ። ምንም አልጻፍኩለትም። እርስዎ የሚሉኝን እጠብቃለሁ። ሴንቲን ነግረዋት ይሆን? ነግሬያታለሁ ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 2

ለልጄ፣

የዘገየሁት ብዕር ጠፍቶ አይደለም። ፈጣሪ አንቺን እንኳ ይታረቅሽ። ባለቤቴ ትስምሻለች።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሴንቲ ጠረጴዛዋ ላይ ከተቀመጠች ሳምንታት አልፈው ነበር። አነበብኩትና ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ፊቴን አያየውም። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እል ነበር። አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ፣ ልጄ። ሌላ ስም የለውም።

ከዘጠኙ ፊልም በኋላ ካንቺ የሚመጣ ፖስታ ቆመ፣ ቆጣሪውም ቆመ። አለቃችን መልስ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ። ቀለም ከውጭ የሚያስመጣ ወዳጅ አለው፤ አድራሻሽን ሰጠውና አስጠየቀ። የአልጋ ኪራይ ቤት ነው ተባለ። ማክሰኞ መጣ። አልጮኸም። መሳቢያውን ከፈተና ግድግዳሽን በእጁ ሙሉ አወጣ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ሴንቲ አጠገባችን ቆማለች። ያኔ ተናገርኩ። ፊልሙን ማን እንዳነሳው፣ ለምን እንዳነሳችው፣ ሂሳቡን ማን እንደሞላው፣ ሁሉንም።

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «ሱቅ ለሚመጣው ሁሉ ፎቶ ቤቴ ተነሳ ብዬ አውርቻለሁ።» ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማሽኑን በሸራ ሸፈነው። እስከ ወሩ መጨረሻ የኋላውን ክፍል እንድንለቅ ነገረኝ፤ ብረት ገዢዎቹም ያኔ ይመጣሉ። ባለቤቴ ዕቃ እየጠቀለለች ነው። ወንድሟ ዘንድ ኮሪደር ላይ ለጊዜው እናድራለን፤ እስካሁን ምንም አላለችኝም። ዝም ስትል አይቻት አላውቅም ነበር። ሆስፒታልም ሄጄ የልብስ ማጠቢያውን ኃላፊ ለመንኩ፤ «እሷን ብንመልስ የገባችውን የት እናድርጋት?» አለኝ።

ያን ዕለት ሴንቲ ጋዋኗን አጥፋ ሄደች። ከእንግዲህ ዓይኔን አታየውም ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን በሰዓቷ መጣች። ጋዋኗን ለብሳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ምነው!

«ማሽኑ በቀን ስንት ፊልም ቢገባለት ነው የሚበቃው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ብዙ አይደለም እኮ! እኔም ውጭ አገር የእህቴ ልጅ አለ፣ እጽፍለታለሁ። ጎረቤቴም ልጅ አላት። ያንተም ልጅ ትላክ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢልኩ…»

«ፊልሙ አልቆባታል። ሥራም የላት። የትም ቢሆን እየጠፋ ነው» አልኳት።

ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። የአንቺን ነጋቲቮች፣ እኔ ያጠብኳቸውን፣ እሷ የቆረጠቻቸውን፣ አወጣቻቸውና ጠረጴዛው ላይ በልክ በልካቸው ትደረድራቸው ጀመር።

«እንግዲያው እነዚህን መልሰን እንላክላት። እንደገና ታንሳባቸው» አለች።

ልጄ፣ ሴንቲ ዕድሜዋን ሙሉ ነጋቲቭ የቆረጠች ሴት ናት። አንዴ የታጠበ ፊልም ከዚያ በኋላ ምንም ሥዕል እንደማይይዝ ከእኔ እኩል ታውቃለች። አይሆንም ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ፣ እጽፍላታለሁ» አልኳት።

ይኸው ጽፌልሻለሁ።

አጎትሽ